ፍሪጁ አላበደም፤ የነገሩትን ነው ያመነው

ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ጠዋት ታናሽ እህቴ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ፎቶው ላይ ቅርፊቱ የተሰነጠቀ እንቁላል፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቲማቲም፣ አጠገቡ ደግሞ የእናቴ የኢንሱሊን ብልቃጥ ይታያል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው መድኃኒት በረዶ ሆኗል። ከሥሩ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ፍሪጁ አብዷል፤ ምን ይሻላል?»

እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ኮምፒዩተር ሳይንስ ተምሬ ላለፉት አሥር ዓመታት ሶፍትዌር ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ፍሪጅ ግን ከፍቼ አላውቅም። ቤተሰብ ዘንድ ግን «ኮምፒዩተር የተማረ» ማለት ሶኬት ላይ የሚሰካውን ሁሉ የሚያውቅ ማለት ነው። እናንተም ይህ ሳይደርስባችሁ አልቀረም።

ከዚያ ቀደም ባሉት ሁለት ቀናት ሰፈሩ ውስጥ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ሰንብቷል። አንድ ጊዜ ከአሥር ሰዓት በላይ ጠፍቶ ቆየ። ሲመጣም አምፖሉ ይደበዝዛል፣ በድንገት ቦግ ይላል፣ ተመልሶ ይጠፋል። ሁሉም ሲረጋጋ ፍሪጁ ሥራውን ቀጠለ። ችግሩ ማቆም አለማወቁ ነው።

ፍሪጅ አላቀዘቅዝ ሲል ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ወተቱ ይበላሻል፣ ሥጋው ይሸታል። ከልክ በላይ ሲያቀዘቅዝ ግን ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚጎዳው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም መጣል አለበት። ክፋቱ ደግሞ ከቀለጠ በኋላ ሲያዩት ደህና ሊመስል ይችላል። እናቴ «ፀሐይ ላይ አቅልጬ ልወጋው» ስትል ነው እህቴ የደረሰችባት። ያን ብልቃጥ ጣሉት፤ አዲሱን ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጡት።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። እንዲህ ያለ ብልሽት ሲገጥም ውጭ ያለነው ወደ ቤት የምንልከው ገንዘብ ነው፤ የሚያስፈልገው ግን ብዙ ጊዜ እውቀት ነው፣ እሱም በአማርኛ። እኛ አማርኛ የምንችል ሶፍትዌር ሠሪዎች ደግሞ እስካሁን ችላ ያልነው ይህንኑ ሥራ ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ

የመጀመሪያ ምክሬ «መቆጣጠሪያውን ወደ ትንሹ ቅዝቃዜ መልሱት» የሚል ነበር። መለሱት፤ ለውጥ የለም። ሁለተኛው ምክሬ ማንኛውም የሙያችን ሰው የሚሰጠው ነው፦ ንቀሉት፣ ትንሽ ቆዩ፣ መልሳችሁ ሰኩት። ነቀሉት፣ ከሰዓት በኋላ ሰኩት፣ ማታ እህቴ «ተስተካክሏል፤ ጎበዝ ነህ» አለችኝ። በማግሥቱ ጠዋት የመጠጥ ውኃው ሳይቀር በረዶ ሆኖ አገኙት።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። ተነቅሎ ሲቆይ ፍሪጁ ሞቀ፤ የሞቀ ፍሪጅ ደግሞ እንደገና እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጤነኛ ይመስላል። ሰርቨር ላይም ያው ነው፤ ሪስታርት የተደረገ ፕሮግራም ሚሞሪው እስኪሞላ ድረስ የዳነ ይመስላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሪስታርት በሽታ መደበቂያ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሰኞ ዕለት የሰፈሩ ፍሪጅ ጠጋኝ መጣ። አንዲት ብሎን ሳይፈታ «ኮረንቲው ቦርዱን አቃጥሎታል። ቦርዱ ይቀየር፤ ካልተገኘ ሌላ ፍሪጅ ግዙ» ብሎ ሄደ። ሰውየውን አልወቅሰውም። የዚያን ሞዴል የጥገና መመሪያ ማን ሰጥቶት? በየትኛው ቋንቋ? በየቀኑ በሚያጋጥመው ልምድ ገመተ፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። እኔም ገንዘቡን ልልክ ስልኬን አንሥቼ ነበር። ያስቆመኝ አንድ ሐሳብ ነው፦ ቢሮ ውስጥ አንድ ጀማሪ «ሰርቨሩ ተበላሽቷል፣ ሌላ እንግዛ» ቢለኝ «መጀመሪያ ሎጉን አሳየኝ» ነበር የምለው።

አልታዘዝም ያለ ወይስ የተታለለ?

ከልክ በላይ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ችግሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «አቁም» ተብሎ ማቆም አቅቶታል፣ ወይም ደግሞ «አቁም» የሚለው ክፍል ራሱ ፍሪጁ ገና ሞቃት ነው ብሎ ያምናል። አንደኛው የአውትፑት ችግር ነው፣ ሁለተኛው የኢንፑት። ሁለቱን ሳይለዩ ዕቃ መቀየር ኮዱን ሳያነቡ መስመር እንደ መሰረዝ ነው።

የአውትፑቱን ልጀምር። ቦርዱ ላይ ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌ የሚባል ትንሽ ማብሪያ አለ። ኮረንቲው ሲዳከም ሞተሩ መነሣት ያቅተዋል፤ ሊነሣ ሲታገል ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመጣም እንዲሁ ነው። በቧንቧው ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ገና አልተመጣጠነም፣ ስለዚህ ሞተሩ ከባድ ሸክም ተሸክሞ ሊነሣ ይሞክራል። በዚህ ጊዜ የሪሌው ሁለት ብረቶች በብልጭታው ሊበየዱ ይችላሉ። ከተበየዱ ቦርዱ ሺህ ጊዜ «አቁም» ቢል ሞተሩ አይሰማም። መብራት ሲመጣ ፍሪጅ ከመሰካት በፊት ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቁ የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህን ለማጣራት መሣሪያ አላስፈለገንም። እህቴ ማታ ስልኳን ፍሪጁ አጠገብ አስቀምጣ ድምፅ መቅረጽ ጀመረች፤ መሀል መደርደሪያው ላይ ደግሞ በብርጭቆ ውኃ አኖረች። ጠዋት ብርጭቆው በረዶ ሆኗል። ቅጂውን ላከችልኝ፤ ድምፁን በሥዕል በሚያሳይ ፕሮግራም ከፈትኩት። ሞተሩ ከአምስት ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት ሠርቷል። ከዚያ አንዲት «ጠቅ» የምትል ድምፅ፣ ቀጥሎም ጸጥታ።

ያቺ «ጠቅ» ሁሉንም ነገረችኝ። ሪሌው ተከፍቷል ማለት ነው፤ አልተበየደም። ቦርዱ አዝዟል፣ ሞተሩም ታዝዟል። ግን ቦርዱ ያዘዘው በጣም ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ፍሪጁ አልታዘዝም አላለም፤ ተታሏል። ያታለለው ማን ነው?

በረዶ የተሞላ ብርጭቆ ምስክር ሲሆን

በኤሌክትሮኒክ ፍሪጅ ውስጥ ቅዝቃዜውን ለቦርዱ የሚናገረው ጫፉ የአተር ፍሬ የሚያክል ሴንሰር ነው። ኤንቲሲ ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ቦርዱ ሬዚስታንሱን ይለካና ሠንጠረዥ አይቶ ወደ ዲግሪ ይቀይራል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ አደጋው ወዲያው ይታየዋል፦ ሬዚስታንሱ በሌላ ምክንያት ከቀነሰ ቦርዱ የሚረዳው «ሞቋል» ብሎ ነው።

ከፍሪጁ ጀርባ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ የታጠፈች ወረቀት ተገኘች። በእንግሊዝኛ፣ በአረብኛና በፈረንሳይኛ ተጽፋለች፤ ሠንጠረዡም አለበት። በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም፣ በ0 ዲግሪ 29 ኪሎ ኦም ገደማ ይላል። ቁጥሩ ከሴንሰር ሴንሰር ስለሚለያይ የራሳችሁን ወረቀት ተመልከቱ።

የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠሪ መልቲሜትሩን አዋሰን። እህቴ ፍሪጁን ከሶኬት ነቀለች፣ የሴንሰሩን ሽፋን ፈታች፣ ማያያዣውን ከቦርዱ ለየችው። ከዚያ በብርጭቆ ውስጥ የተከሰከሰ በረዶ ከጥቂት ውኃ ጋር ቀላቀለች። በረዶና ውኃ አብረው ሲኖሩ 0 ዲግሪ ናቸው፤ ይህ አዲስ አበባም ፍራንክፈርትም ያው ነው። በፈላ ውኃ ልለካ ብትሉ ግን ከፍታው ያታልላችኋል፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና። የሴንሰሩን ጫፍ ብቻ ነክራ፣ ማያያዣው እንዳይርስ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ አሥር ደቂቃ ጠበቀች።

መልቲሜትሩ 18 ኪሎ ኦም አሳየ። 29 መሆን ሲገባው 18።

በሠንጠረዡ መሠረት 18 ማለት ከ10 ዲግሪ በላይ ሙቀት ነው። ሴንሰሩ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ «ኧረ ሞቀኝ» እያለ ነበር። ቦርዱ ምን ያድርግ? አመነው፣ ሞተሩንም አስሮጠው። እስከ መጨረሻው ሥራውን በትክክል የሠራው ያ ሊጣል የተፈረደበት ቦርድ ነው።

በመስተዋት አጥብቀን ስናየው የሴንሰሩ ጫፍ ላይ ያለው ጥቁር ሽፋን በቀጭኑ ተሰንጥቋል። እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው፦ መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ የተጋገረው በረዶ ቀለጠ፣ ውኃው በስንጥቁ ገባ፣ የገባውም ውኃ ለኮረንቲው አቋራጭ መንገድ ሆነለትና ሬዚስታንሱ ወረደ። ጠጋኙ «መብራቱ ነው ያበላሸው» ማለቱ ልክ ነበር። ያበላሸው ግን በሽቦ በኩል መጥቶ ሳይሆን በውኃ በኩል ነው።

ተመሳሳይ ሴንሰር መርካቶ ተገኘ። ከአንድ ምሳ ዋጋ ብዙም አይበልጥም።

የእናንተ ፍሪጅ ሌላ ዓይነት ከሆነ

ሁሉም ፍሪጅ ቦርድ የለውም። በየቤታችን ያለው አሮጌው ዓይነት በእጅ የሚዞር ቴርሞስታት ነው ያለው። ከሱ የሚወጣ ቀጭን የመዳብ ቧንቧ አለ፤ ጫፉ ማቀዝቀዣው ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ፍሪጁ ሲጎተት ወይም በረዶው ሲጸዳ ጫፉ ከቦታው ከወጣ ቅዝቃዜው አይሰማውም፣ ሞተሩም አያቆምም። ቦታው ላይ ከሆነ ደግሞ ማዞሪያውን እስከ ዜሮ አዙሩት። ሞተሩ ያኔም ካላቆመ የቴርሞስታቱ ብረቶች ተበይደዋል ማለት ነው፤ የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው።

በረዶ የማይሠራ በሚባለው ፍሪጅ ደግሞ ሦስተኛ ተጠርጣሪ አለ። ቅዝቃዜው የሚመጣው ከላይኛው ወይም ከታችኛው ፍሪዘር በአየር መግቢያ በኩል ነው፤ መግቢያው ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ክዳን አለ። መብራት ሲጠፋ የቀለጠው ውኃ ሲመጣ ተመልሶ ክዳኑ ላይ ከተጋገረ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ ይቀራል፤ የፍሪዘሩ አየርም ሳያቋርጥ ወደ ፍሪጁ ክፍል ይገባል። ምልክቱ አየር መግቢያው አጠገብ ያለው ዕቃ ከሌላው ቀድሞ በረዶ መሆኑ ነው። መፍትሔው ነቅሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ አንድ ሙሉ ቀን ማቅለጥ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አንደኛ፣ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ሁለተኛ፣ ከኋላ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ አር 600 ኤ የሚል ከሆነ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው። በረዶውን በቢላ አትፈልፍሉ፣ ሻማም ሆነ እሳት አታስጠጉ።

ውሸታም ሴንሰርን የሚያምን ፕሮግራም

አሁን ወደ ሙያ ጓደኞቼ ልመለስ። ያ ፍሪጅ ሁለት ሴንሰር ነበረው፤ አንዱ ፍሪዘሩ ውስጥ፣ አንዱ ታች። ሞተሩ አምስት ሰዓት ሙሉ ሲሠራ የታችኛው «ገና ሞቃት ነኝ» ይላል። በዚያ ቦርድ ላይ ያለውን ፕሮግራም የጻፈው ሰው አንዲት ሁኔታ ቢጨምር ኖሮ እናቴ ለአደጋ አትጋለጥም ነበር፦ ሞተሩ ለሰዓታት ሠርቶ ሴንሰሩ የሚገባውን ያህል ካልወረደ፣ ሴንሰሩን አትመን። ሞተሩን በተወሰነ ሰዓት እያበራህ እያጠፋህ አስኪደው፣ ለባለቤቱም ተናገር።

ይህ ለኢንዱስትሪው እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለክትባት ማቀዝቀዣዎች ባወጣው መስፈርት ውስጥ ክትባቱን በረዶ ከመሆን የመከላከል ደረጃ አለ። ከፍተኛው ደረጃ የሚሰጠው ተጠቃሚው ምንም ሳያደርግ ራሱ ማቀዝቀዣው ክትባቱን ከበረዶ ሲጠብቅ ነው። ለክትባት የታሰበው ለቤት ፍሪጅ ያልታሰበው ከቴክኒክ ችግር የተነሣ አይመስለኝም። ፕሮግራሙ የተጻፈው መብራት በማይጠፋበት ከተማ ነው፤ የተፈተነውም እዚያው።

ሕግም ያግዛል። እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ የአንድ ሞዴል የመጨረሻው ፍሪጅ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ቢያንስ ለ7 ዓመት ቴርሞስታቱ፣ የሙቀት ሴንሰሩና ቦርዱ ለጠጋኞች እንዲገኙ ያስገድዳል። ልብ በሉ፤ ሴንሰሩ ራሱን ችሎ ተጠቅሷል። እኔ በምኖርበት አገር ጠጋኝ ሴንሰር ብቻ ቀይሮ መሄድ ይችላል። አዲስ አበባ ያለው ጠጋኝ ግን ያንኑ ፍሪጅ «ቦርዱ ነው» ብሎ ይፈርድበታል፤ ልዩነቱ የጭንቅላት ሳይሆን የወረቀት ነው።

ፊደሉ አለ፣ ጽሑፉ ግን የለም

የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ በፎንት፣ በኪቦርድ፣ በፊደል አራሚ ብዙ ተሠርቷል፤ ይህን ሥራ የምናከብር ሁሉ እናውቀዋለን። ነገር ግን እህቴ በአማርኛ «ፍሪጅ ከልክ በላይ ሲያቀዘቅዝ» ብላ ስትፈልግ ያገኘችው የሽያጭ ማስታወቂያ ነው። ፊደሉ በስልኳ ላይ በውበት ይታያል፤ የሚነበብ ነገር ግን አልነበረም።

«ፍሪጁ ራሱ አማርኛ ይናገር» ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። ብዙ ፍሪጅ ያለው ሰባት መስመር ያላት የቁጥር መስኮት ናት፤ በሷ ላይ «ኢ 1» ይጻፋል እንጂ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አይጻፍባትም። ግን ምሥጢሩ መስኮቷ ላይ መሆን የለበትም። በሩ ውስጥ የምትለጠፍ አንዲት ኪውአር ኮድ፣ ከኋላዋ አንድ የአማርኛ ገጽ፣ ገጹ ላይ ደግሞ ለማያነቡ እናቶች የሚሰማ ድምፅ። ይህ ትልቅ ካምፓኒ አይጠይቅም፤ አንድ ሰው በሁለት ቅዳሜ ይሠራዋል።

ቃል የለንም የሚል ሰበብም አልቀበልም። እህቴ ሴንሰሩን መጀመሪያ «ሽቦው ጫፍ ላይ ያለችው ጥቁር ነገር» ነበር የምትለው። ለዚህ ኮሚቴ ተቀምጦ አዲስ ቃል ይፍጠር አልልም፤ ጠጋኞቹ «ሴንሰር»፣ «ሪሌ»፣ «ሞተር»፣ «ቦርድ» ይላሉ፣ ሁሉም ይግባባበታል። የጎደለው ቃሉ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ነው፦ «ይህን ካየህ ያንን ለካ፤ ቁጥሩ ከዚህ ካነሰ ይህን ቀይር» የሚል።

አዲስ ፍሪጅ አይሻልም ነበር?

ይህን ታሪክ የነገርኩት አንድ ጓደኛዬ «የስኳር ሕመም ላለባት እናት ሙከራ ምን ያደርጋል? አዲስ ገዝተህ አትገላገልም?» አለኝ። ግማሹ እውነት አለው። መድኃኒቱን በሙከራ ላይ ባለ ፍሪጅ ማስቀመጥ አይገባም፤ ለዚህ ነው ጎረቤት የከረመው። ከጥገናው በኋላም ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ዲግሪ የሚያስታውስ ቴርሞሜትር ልከናል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ታየዋለች፤ ከ2 በታች ካሳየ ሳትወጋ ትደውላለች።

ግማሹ ግን ስሕተት ነው። አዲሱም ፍሪጅ የሚሰካው በዚያው ሶኬት ላይ ነው፤ ያው መብራት ይሄድበታል፣ ያው በረዶ ይቀልጥበታል፣ ሴንሰሩም ያው ነው። መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያበራ መከላከያ ሶኬት ላይ ከሌለ አዲሱ ፍሪጅ የአሮጌውን ዕጣ መጠበቅ ብቻ ነው። እኛም መከላከያውን የገዛነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ሌላ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ያው ጠጋኝ እህቴን መንገድ ላይ አግኝቶ «ያቺን የበረዶ ብርጭቆ ነገር እስቲ ድገሚልኝ» ብሏታል። ቤት ጠርታ አሳየችው። አሁን ብርጭቆና መልቲሜትር ይዞ ይዞራል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ሳምንት ወደ ቤት ስትደውሉ የፍሪጁን ጀርባ ፎቶ አስነሡ፤ ወረቀቷ ካለች እሷንም። ሠንጠረዡን በአማርኛ ጻፉት፣ ሞዴሉን ከላይ አስቀምጡ፣ ሰው ሁሉ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ አኑሩት። አንድ ገጽ ይበቃል። አንድ ሰው የቀለጠ ብልቃጥ ይዞ ሲያመነታ ያቺን ገጽ ካገኘ፣ ከጻፍናቸው አፖች ሁሉ የበለጠ ሥራ ሠርተናል።